«ምርመራሽ ጥሩ ነው» ተባልኩ፤ ታዲያ ለምን ያመኛል?

የጠዋት ብረት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ቤተሰብ። ነገሩ ረጅም ነው፤ ታገሱኝ።

ሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ) እንዳለብኝ ካወቅኩ 6 ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ ሰፈር ውስጥ «ብርድ መትቷት ነው» ተባለ። ቀጥሎ «ሪህ ነው፣ ሥጋ ተይ» ተባለ። ሥጋ ተውኩ። ጣቶቼ ግን አብጠው አብጠው፣ ቀለበቴን ወርቅ ሰሪ ቤት ሄጄ አስቆረጥኩት። ምን እንደሆነ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። አሁን በሽታውን የሚያረግበውን ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን እውጣለሁ፤ ፎሊክ አሲድም አለ።

ባለፈው ሐሙስ ቀጠሮ ነበረኝ። ሐኪሙ መገጣጠሚያዎቼን አንድ በአንድ ጫን ጫን እያደረገ አየ። የደም ውጤቱንም አየ። «ጎበዝ፣ በጣም ጥሩ ነው። ብግነቱ፣ ማለትም የመገጣጠሚያሽ ቁጣና እብጠት፣ ወርዷል» አለኝ። «ታዲያ ለምን ያመኛል?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ?» አለኝ።

በቃ፣ እዚያው እንባዬ መጣ። ጥያቄው ክፉ ሆኖ አይደለም። «ውሸትሽን ነው» ያለኝ ስለመሰለኝ ነው። ከዚያ ማታ ማታ የሚወሰድ አሚትሪፕቲሊን ጻፈልኝ። ፋርማሲ ስደርስ ልጅቷ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ይሄ እኮ የአእምሮ መድኃኒት ነው፣ ለማን ነው?» አለችኝ። ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። «ለእናቴ ነው» ብዬ ወጣሁ። መድኃኒቱ እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

እውነቱን ለመናገር እጨነቃለሁ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት እነቃና እጄን አያለሁ። እንደ አክስቴ ጣቶች ይጣመማሉ፣ ጠመኔ መያዝ ያቅተኛል፣ ከሥራ እወጣለሁ፣ እናቴን ማን ያጥባታል... እያልኩ ይነጋል።

ግን ጭንቀቱ ነው ህመሙን ያመጣው ወይስ ህመሙ ነው ጭንቀቱን ያመጣው? ወይስ ሐኪም ሲያቅተው የሚላት ነገር ናት?

አልፎ ሂያጅ | ሰኞ፣ 3፡25

ሲያቅታቸው ነው። እኔንም በጨጓራዬ ጊዜ እንደዚሁ ብለውኛል። ሐኪም ቀይሪ።

ነርስ ከሲልቨር ስፕሪንግ | ሰኞ፣ 4፡40

እህቴ፣ ሐኪም ከመቀየርሽ በፊት ይቺን አንብቢ። የአንቺን ሐኪም አልተካም። ግን እንደ አንቺ ያሉ ታማሚዎች የሚታዩበት ክሊኒክ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ።

ይሄ በሽታ ምን ያህል እንደነቃ የሚለካበት አንድ የታወቀ ነጥብ አለ። 28 መገጣጠሚያ ይዳሰሳል። ስንቱ አብጧል፣ ስንቱ ሲነካ ያማል ተብሎ ይቆጠራል። የደም ውጤት ይጨመራል። አራተኛው ቁጥር ግን ከማሽን አይመጣም። ታማሚዋን ራሷን «በአጠቃላይ እንዴት ነሽ? ከ0 እስከ 100 ስጪው» ብለው ይጠይቋታል። ስሜትሽ ከሒሳቡ ውስጥ አንዱ ነው ማለት ነው። ምናልባት ሌላው ሁሉ ወርዶ የአንቺ መልስ ብቻ አልወርድ ስላለው ይሆናል የጠየቀሽ። አጠያየቁ ላይ ግን አልከራከርሽም። ሁለት ደቂቃ ቢያብራራ ምን ነበረበት?

ብግነት ወርዶ ህመም የማይለቃቸው ብዙ ናቸው። ቀድሞ የተጎዳ መገጣጠሚያ አለ። እንቅልፍ ማጣት አለ። ደግሞ ህመምን የሚያስተላልፈው ነርቭ ራሱ ነገር ይለምዳል። ግቢያችሁ ሌባ ገብቶ ያውቃል? ሌባው ከሄደ በኋላም ውሻው ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ይጮኻል። ውሻው አልዋሸም፤ እውነት ሌባ መጥቶ ነበር። አሁን ግን የሚጮኸው ለሌባው ብቻ አይደለም። ድካም፣ ፍርሃት፣ የሌሊት ሐሳብ፣ እነዚህ ሁሉ ውሻውን እንዳይተኛ ያደርጉታል።

በተቃራኒውም ይሠራል። ብግነት ሲኖር ሰውነት የሚያመነጫቸው ኬሚካሎች ጣት ላይ ብቻ አይቀሩም፤ አንጎልም ላይ ይሠራሉ። ጉንፋን ሲጥልሽ ሰው ማየት ያስጠላሽ የለ? አልጋ አልጋ ይልሽ የለ? ያ ስንፍና አይደለም። በዚህ በሽታ ደግሞ እንዲህ ያለው ስሜት ወራት ይቆያል። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስቦ ያየ ሥራ ነበር። ከ100 የሩማቶይድ ታማሚ ወደ 17 የሚሆነው ሕክምና የሚያስፈልገው ከባድ ድብርት እንዳለበት አሳይቷል። ስለዚህ «የቱ ቀደመ» ለሚለው ጥያቄሽ የኔ መልስ ሁለቱም እየተገፋፉ ነው የሚል ነው።

አሚትሪፕቲሊን መጀመሪያ የተሠራው ለድብርት ነው፤ ፋርማሲዋ ውሸቷን አይደለም። በትንሽ መጠን ግን ለእንቅልፍና ሥር ለሰደደ ህመም ይታዘዛል። ለጠዋት ክፍለ ጊዜሽ የሚያንገላጅሽ ከሆነ ለሐኪምሽ ንገሪው። ፋርማሲዋ ግን ድምጿን ብትቀንስ ምን አለበት!

የጠዋት ብረት | ማክሰኞ፣ 12፡50 ጠዋት

ውሻው ገባኝ። አሳቀኝም። ሌሊት ስነቃ «ዝም በል አንተ» አልኩት።

አንድ ነገር ግን ደብቄአችኋለሁ። ከህመሙ ይልቅ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ከሁለት ወር በፊት ጎረቤታችን ሞተው ለቅሶ ቤት ሽንኩርት ልጣጭ ደረሰኝ። ስድስት ሰባት እንደላጥኩ ቢላው ከእጄ ወደቀ። አነሳሁት፤ ደግሞ ወደቀ። አንዷ «አስተማሪ ሲኮን የጓዳ ሥራ ይረሳል» አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቤቴ ገብቼ ግን እስከ እኩለ ሌሊት አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት መሄድ ትቻለሁ። ብር እልካለሁ። «ኮራች» መባሌን ሰምቻለሁ። ምን ልበላቸው? ጣቴ አላበጠ፣ ፊቴ አልገረጣ። «አሞኛል» ብል ማን ያምነኛል? እኔስ ሐኪሙ «ጥሩ ነው» ካለኝ በኋላ ራሴን አምናለሁ?

ጥቁር አዝሙድ | ማክሰኞ፣ 4፡05

እህቴ ያንን መርዝ ተይው። ሜቶትሬክሴት የካንሰር መድኃኒት መሆኑን ታውቂያለሽ? ጥቁር አዝሙድ በማር ለ40 ቀን፣ ጠዋት በባዶ ሆድ። ጸበል ግቢ። መድኃኒትና ጸበል አብሮ አይሄድም። የማውቃት ሴት ድናለች።

የቄስ ልጅ | ማክሰኞ፣ 5፡30

ወንድሜ ወይም እህቴ፣ በቅንነት እንዳልከው/ሽው አምናለሁ። እኔ ግን እናቴን አይቻለሁ። እናቴም ይሄው በሽታ ነው ያለባት። «አብሮ አይሄድም» ብለዋት መድኃኒቱን አቋርጣ ጸበል ገባች። ወር ሳይሞላ ጉልበቷ አበጠ። በሦስተኛው ወር የቀኝ አንጓዋ መታጠፍ አቆመ። መድኃኒቱን ብትጀምርም አንጓዋ አልተመለሰም። አንዴ የተበላ መገጣጠሚያ አይታደስም። አባቴ ካህን ናቸው፤ ያን ጊዜ የተናገሩትን አልረሳም። «ሐኪሙንስ ማን ፈጠረው?» አሏት። ዛሬ ጸበሏን ትጠጣለች፤ ረቡዕ ረቡዕ ደግሞ ኪኒኗን ትውጣለች።

የካንሰር መድኃኒት የሚለው እውነት ነው። ግን ለካንሰር በሚሰጠውና ለመገጣጠሚያ በሚሰጠው መጠን መካከል ሰማይና ምድር አለ።

ስለ እናቴ ካነሳሁ አይቀር፣ ለእሷ የከበዳት ስግደት ነው። ሑዳዴ ሲገባ ሰው ሁሉ ሲሰግድ እሷ ወንበር ላይ። «እግዚአብሔር ፊት ሰነፍኩ» እያለች ታለቅሳለች። በዚያ ሰሞን ህመሟ ሲብስባት እናያለን። ጾሙ ነው እንል ነበር። ኋላ የንስሐ አባቷ «አንቺ በዐይንሽ ስገጂ፣ ይበቃል» አሏት። የዚያን ዓመት ሑዳዴ እንደ ሌላው ጊዜ አልጣላትም። በሽታው ስለተለወጠ አይደለም። የጥፋተኝነቱ ሸክም ስለወረደላት ይመስለኛል።

ነርስ ከሲልቨር ስፕሪንግ | ማክሰኞ፣ 5፡48

አባትህን ሳምልኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ለሚያነቡ ሁሉ። ሜቶትሬክሴት ለዚህ በሽታ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። ተሳስቶ በየቀኑ የወሰደ ሰው ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ቀኑን ግድግዳ ላይ ጻፉት።

ጋራዥ | ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡15

እኔ ወንድ ነኝ። ይሄ በሽታ ከወንድ ይልቅ ሴትን ሁለት ሦስት እጥፍ ይይዛል ሲሉ ሰማሁ። ታዲያ እኔን ምን አገኘኝ?

መካኒክ ነኝ። መፍቻ ስይዝ የሚሰማኝን ለማንም አልናገርም። ለልጆቹ ብናገር «ጋሼ አረጀ» ይላሉ፤ ደንበኛ ይሸሻል። የኔ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ደህና በሆንኩ ቀን የሳምንቱን ሥራ በአንድ ቀን ልጨርስ እላለሁ። ሞተር አወርዳለሁ፣ እጭናለሁ፣ የቀጠርኳቸውን አላስነካም። ከዚያ ሦስት ቀን አልጋ። አልጋ ላይ ሆኜ ልጆቼ ላይ እጮኻለሁ። ትንሿ ልጄ «አባዬ ዛሬ ያሞሃል?» ብላ በር ላይ ቆማ ነው የምትገባው። እሷ ናት የምታሳምመኝ።

ሥነ ልቦና 4ኛ ዓመት | ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡00

ጋሼ ጋራዥ፣ በመጀመሪያ የሙያ ጓደኛ ልስጥዎት። በ1967 (እ.ኤ.አ.) በዓለም የመጀመሪያውን የሰው ልብ ንቅለ ተከላ የሠራው ደቡብ አፍሪካዊው ዶክተር ክርስቲያን ባርናርድ ይሄው በሽታ ነበረበት። ያንን ሁሉ ቀዶ ሕክምና የሠራው በሚያመው እጅ ነው። ያቆመው በ1983 ነው፤ ያስቆመውም ይሄው የእጁ ነገር ነው። ስለዚህ የወንድ እጅም የታወቀ እጅም አይለይም።

«ደህና ቀን ሁሉን፣ ከዚያ ሦስት ቀን አልጋ» ያሉት በሥር ሰደድ ህመም ትምህርት ውስጥ በጣም የታወቀ ነው። አእምሮ ነገሩን በክፉ ይማረዋል። መሥራት ማለት መታመም ነው ብሎ ይይዛል። ከዚያ ገና መፍቻውን ሲያዩ ሰውነትዎ ይኮማተራል። የሚመከረው በሰዓት መሥራት ነው፤ «እስኪያመኝ» በሚል ሳይሆን። ለምሳሌ 40 ደቂቃ ሠርቶ፣ ደህና ቢሆኑም 10 ደቂቃ ማረፍ። በደህናው ቀን ማቆም ነው ከባዱ።

እህት የጠዋት ብረት፣ የሌሊት 9 ሰዓቱ ሐሳብሽም ስም አለው፤ በእንግሊዝኛ «ካታስትሮፋይዚንግ» ይሉታል፣ የከፋውን ማሰብ እንደማለት። ባለሙያዎች በ13 ጥያቄ የሚለኩት ነገር ነው። ሦስት ፊት አለው። ስለ ህመሙ ሐሳብ ማመላለስ፣ ህመሙን ማግዘፍ፣ ከዚያ «ምንም ላደርግ አልችልም» ማለት። የአንቺን መልእክት ድጋሚ አንብቢው። ሦስቱም አሉ፤ በቅደም ተከተል!

አልፎ ሂያጅ | ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡12

እና መፍትሔው «አታስቢ» ነው? ለዚህ ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም፤ አያቴም ትለኝ ነበር።

ሥነ ልቦና 4ኛ ዓመት | ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡30

አይደለም። «አታስቢ» ማለት ያባብሰዋል። ሐሳቡን አውጥቶ ማየት ነው። ወረቀት ላይ «ከሥራ እወጣለሁ» ብለሽ ከጻፍሽ በኋላ ለዚህ ማስረጃዬ ምንድን ነው፣ ቢሆንስ መጀመሪያ ምን አደርጋለሁ ብለሽ መጠየቅ። ሌሊት ጨለማ ውስጥ የሚገዝፈው ጠዋት ወረቀት ላይ ያንሳል።

ስለ መጻፍ ካነሳን፣ አሜሪካ ውስጥ በ1999 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት አለ። አስምና ሩማቶይድ ያለባቸውን ሰዎች በሕይወታቸው ስላስጨነቃቸው ነገር ለ3 ቀን፣ በቀን 20 ደቂቃ እንዲጽፉ አደረጓቸው። ከ4 ወር በኋላ የሩማቶይዶቹ በሽታ ቀለል ብሎ ተገኘ። ስለ ተራ ነገር የጻፉት ላይ ግን ለውጥ አልታየም። ቶሎ እንዳትጨፍሩ፤ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ሁሉ እንዲህ ያማረ ውጤት አላገኙም። ግን እስክሪብቶና ወረቀት ነው፤ ምን ትከስሪያለሽ?

እኔን በጣም የገረመኝ ሌላው ነው። ስታንፎርድ ውስጥ ኬት ሎሪግ የምትባል ባለሙያ ለአርትራይተስ ታማሚዎች ኮርስ ጀመረች። የሚያስተምሩት በአብዛኛው ህመሙ ራሳቸው ላይ ያለ ተራ ሰዎች ናቸው። ተሳታፊዎቹ ተሻላቸው። ስፖርቱን ስለሠሩ ይሆናል ተብሎ ሲታይ ግንኙነቱ ደካማ ሆነ። ከመሻሉ ጋር አብሮ የሄደው «ይሄን ነገር ልይዘው እችላለሁ» የሚል እምነታቸው ነበር። ባዶ ተስፋ ማለቴ አይደለም። ትንሽ ነገር ሠርቶ፣ ሲሳካ አይቶ የመጣ እምነት ነው።

ባሏ | ረቡዕ፣ 6፡20

ታማሚ አይደለሁም፤ ባለቤቴ ናት። አንድ ጥያቄ አለኝ። ሁሉን ነገር ከእጇ እቀማታለሁ። ጀበና፣ ባልዲ፣ የልጁን ጫማ ሳይቀር። «አይዞሽ» እላታለሁ። ትቆጣኛለች። ትላንት «እኔ ቤት ውስጥ እንግዳ ነኝ እንዴ?» አለችኝ። ምን አጠፋሁ?

የጠዋት ብረት | ረቡዕ፣ 7፡00

ወንድሜ፣ ምንም አላጠፋህም። ግን ጀበናውን ተውላት። እኔ ባሌ በሕይወት ሳለ ስኒ ከእጄ ሲወስድብኝ አንድ ጣት የተቆረጠብኝ ያህል ይሰማኝ ነበር። «ዛሬ እጅሽ እንዴት ነው?» ብለህ ጠይቃት። «ጥሩ ነው» ካለች ዞር በል። «ክፉ ነው» ካለች ደግሞ ጀበናውን ሙላላት፤ መቅዳቱን ራሷ ትቅዳ። አይዞሽ የሚለው ቃል ደግ ነው፤ በቀን አስር ጊዜ ሲሆን ግን ከመርዶ አይለይም።

ሩቅ አገር | ረቡዕ፣ 8፡15

እኔ ዐረብ አገር ሰው ቤት ነው የምሠራው። እያነበብኩ ነበር። ጠዋት 11 ሰዓት ስነሳ ጣቴ አይዘጋም። ማዳም እንዳታይ መጀመሪያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሙቅ ውኃ እነክረዋለሁ። ካወቀች ትመልሰኛለች። ለማንም አልተናገርኩም፤ ዛሬ ለእናንተ ነው የነገርኩት። ሌላ የምለው የለኝም።

ነርስ ከሲልቨር ስፕሪንግ | ረቡዕ፣ 8፡40

የኔ እህት፣ የውስጥ መልእክት ጽፌልሻለሁ። ሙቅ ውኃው ትክክል ነው። ግን ሳትታከሚ አትቆዪ፤ መጀመሪያው ዓመት ወርቅ ነው።

እማማ ሽሮሜዳ | ረቡዕ፣ ምሽት 1፡30

ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። 71 ዓመቴ ነው። ከበሽታው ጋር 20 ዓመት ኖሬያለሁ።

አስተማሪዋ ልጄ፣ ያ የለቅሶ ቤት ሳቅ እኔም ላይ ተስቋል። ስህተትሽን ልንገርሽ? «አሞኛል» ልትያቸው አሰብሽ። እዚህ አገር ማን ያላመመው አለ? አንዷ ወገቧን፣ አንዷ ጨጓራዋን። «አሞኛል» ያለች ሴት ሥራ የሸሸች ናት። እኔ ለእድሩ ዳኛ እንዲህ አልኩት። «ቢላ መያዝ አልችልም፤ ሊጥ ማቡካት አልችልም። መመዝገብ፣ እንግዳ ማስቀመጥ፣ ዕቃ መቁጠር እችላለሁ።» የማልችለውንም የምችለውንም በእኩል ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ 14 ዓመት የእድራችንን ሳህን የምቆጥረው እኔ ነኝ። አንድ ሳህን ጠፍቶብኝ አያውቅም።

ለቅሶ ቤት አለመሄድሽ ነው ያሳመመሽ። ጣቱስ ጣት ነው።

የጠዋት ብረት | ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 9፡00

ጠፋሁ አይደል? ወሬ አለኝ።

ኪኒኑን ጀመርኩት። የመጀመሪያው ሳምንት ጠዋት ጠዋት ራሴን እንደ ጆንያ ተሸክሜ ነው ክፍል የገባሁት። ሐኪሙ ቀደም ብለሽ ውሰጂው አለኝ፤ ተሻለ። አሁን ሌሊቱን የምነቃው አንዴ ነው፤ እሱም ሁሌ አይደለም። ሲያብራራልኝ ሰው ነው ለካ። «ጭንቀት ያልኩሽ ህመምሽን ላለማመን አልነበረም» አለኝ። «እንደዚያ ነው የሰማሁት» አልኩት። ሁለታችንም ትንሽ አፈርን።

ሦስቱን ቀን ጻፍኩ። ስለ እጄ ልጽፍ ተቀምጬ ስለ ባሌ ሞት ጻፍኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ወረቀቱን አቃጠልኩት።

ትላንት ለቅሶ ነበር። እማማ እንዳሉት አደረግኩ። ዳኛው ዘንድ ቀድሜ ሄጄ «ቢላ አልችልም፣ መዝገብ እችላለሁ» አልኩ። «እሰይ፣ ጽሑፉ የሚነበብ ሰው አጥተን ነበር» አለኝ። ያቺ ሴትዮ ሽንኩርት ይዛ አየችኝ። ምንም አላለችም። ኋላ ሻይ አመጣችልኝና ስኒውን እጄ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ማን እንደነገራት አላውቅም።

ህመሙ? አለ። ዛሬ የቀኝ ጣቶቼ ክፉኛ ተቆጥተዋል፤ 200 ሰው መዝግቤ! ቀጭኗ እስክሪብቶ ናት የጎዳችኝ። ወፍራም እስክሪብቶ የሚሸጥበት የሚያውቅ አለ?

ጋራዥ | እሑድ፣ 9፡20

እስክሪብቶ አትግዢ። የብስክሌት ጎማ የውስጡን ላስቲክ ቁራጭ አድርጊና እስክሪብቶው ላይ ሁለት ሦስት ዙር ጠቅልይው። እኔ መፍቻዎቼን በሙሉ እንደዚያ አድርጌያለሁ። ልጄ ናት የጠቀለለችልኝ። ላስቲክ ከጠፋ ንገሪኝ፤ ሳሪስ አካባቢ ከሆንሽ ጋራዡ ሞልቶታል።